ቆንሲሉ አክሲዮን አይገዛም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ይህ ዓምድ የቤት ኪራይ ውልና የውርስ ጣጣ ሲጠየቅበት ነው የኖረው። ዘንድሮ ግን ደብዳቤው ሁሉ ቪዛ ቪዛ ይላል። የሚጽፉልኝም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናቶች ብቻ አይደሉም። አፕ ሠርተው፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተው፣ ኢንቨስተር ፍለጋ ውጭ መሄድ የሚፈልጉ ወጣቶች በዝተዋል። አራት ኪሎ በነበረችኝ ትርጉም ቤት ለዓመታት የሰው ፎርም ስሞላ ስለኖርኩ ነገሩ እንግዳ አይሆንብኝም። ዛሬ አንዱን ደብዳቤ በሰፊው፣ ሌሎቹን በአጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 27 ነው። ከላፍቶ አትክልት ገበያ ለምግብ ቤቶች ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች የሚያደርስ አፕ ሠርቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ምግብ ቤቶቹ ማታ ያዛሉ፣ እኛ ንጋት ላይ እናደርሳለን። ንግድ ፈቃዴን ያወጣሁት ጥር 2017 ነው። ድርጅቱ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን አራት ሠራተኞች አሉኝ። ሳን ፍራንሲስኮ ለሚካሄድ የአራት ቀን የቴክኖሎጂ ጉባኤ ተጋብዣለሁ። እዚያው ሁለት ኢንቨስተሮች ሊያገኙኝ ፈቅደዋል። በሰው ምክር ደላዌር በምትባለው የአሜሪካ ግዛት በኦንላይን ኩባንያ አስመዝግቤያለሁ። እህቴ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ባንክ ያለኝ ወደ 180 ሺህ ብር ነው።

አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ በ40 ሺህ ብር ‹ወፈር ያለ የባንክ ስቴትመንት እጨርስልሻለሁ› ብሎኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ስታርታፕ ካልሽ ይመቱሻል፣ ቪዛ ይከለክሉሻል፣ የአጎትሽ ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ በይ› ይሉኛል። ምን ዓይነት ቪዛ ነው የምጠይቀው? ምን ብዬ ልመልስ? ደላዌሩን ልደብቀው? ለእኔስ የሥራ ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል? ራሴ ለራሴ ልጻፍ?»

ም. ነኝ፣ ከገርጂ

መልስ፦

ም. ልጄ፣ መጀመሪያ ጉዳይ አስፈጻሚውን እንገላገለው። 40 ሺህሽን ይዘሽ ዞር በይ። ሰውየው የሚሸጥልሽ ስቴትመንት አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። አንደኛው «አላሳመንሽኝም» ተብሎ መመለስ ነው። ይሄ ያናድዳል እንጂ በር አይዘጋም፤ ሌላ ጊዜ ከፍለሽ ማመልከት ትችያለሽ። ሁለተኛው ዋሽቶ ወይም ፎርጅድ ወረቀት አቅርቦ ቪዛ ለማግኘት መሞከር ነው። ይሄኛው ከተያዘ ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ያመጣል። ዛሬ በሃያ ሰባት ዓመትሽ የተጻፈብሽ፣ በአርባ ዓመትሽ ድርጅትሽ አድጎ ስትሄጂ መዝገብ ላይ ይጠብቅሻል።

የአጎትሽ ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ ማለትም ያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ የአጎትሽ ማኅተም ስላረፈ ውሸቱ አይቀልም። ደግሞም አስቢው። የጉባኤው ግብዣ በአንቺ ድርጅት ስም ነው የመጣው። ሊንክድኢንሽ ላይ «መሥራች» ይላል። የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙ ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀምሽባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። በአንድ እጅሽ የጻፍሽው በሌላው እጅሽ ሊጋለጥ ነው።

ሊንክድኢንን ካነሳን አይቀር፣ ዛሬ ማታ ገብተሽ እይው። ብዙ ወጣት መሥራቾች የመኖሪያ ቦታ በሚለው ላይ «ሳን ፍራንሲስኮ» ብለው ይጽፋሉ፣ ለፈረንጅ ኢንቨስተር ያምራል ብለው። ገርጂ እየኖርሽ ሳን ፍራንሲስኮ ነኝ ካልሽ፣ ኤምባሲው ውስጥ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልሽ ቆንሲል «ታዲያ ልትመለሽ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ወደ ቪዛው እንምጣ። የምትጠይቂው ቢ1 የሚባለውን የሥራ ጉብኝት ቪዛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቱሪስቱ ጋር ተጣምሮ ቢ1/ቢ2 ተብሎ ይሰጣል። ጉባኤ መካፈል፣ ከሰው ጋር መነጋገር፣ ውል መደራደርና መፈረም፣ ኢንቨስተር ማግኘት ይፈቅዳል። እዚያ ተቀጥሮ መሥራት፣ ከአሜሪካ ድርጅት ደመወዝ መቀበል፣ እዚያ ያለ ቢዝነስን ቁጭ ብሎ ማስተዳደር አይፈቅድም። ሄደሽ የምታደርጊው ሁሉ መጀመሪያው ውስጥ ስለሚወድቅ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ። ሦስት ወር እዚያው ተቀምጠሽ አፕ የምትሠሪበት ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እነግርሽ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ሕጉ የሚጀምረው አንቺን ባለማመን ነው። 214 ቢ የሚሉት አንቀጽ፣ ማንኛውም የጉብኝት ቪዛ ጠያቂ ሊቀር የሚሄድ ነው ብሎ ይነሳል። አይደለሁም ብለሽ የማስረዳቱ ሸክም ያንቺ ነው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ መስኮት ፊት ስትቆሚ የሚጠየቀው አፕሽ ጎበዝ ነው ወይ አይደለም። «ይቺ ልጅ ሄዳ የምትለውን ሠርታ ትመለሳለች ወይ?» ነው ጥያቄው። መሥራቾች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ኢንቨስተር ፊት የለመዱትን ይዘው ይመጣሉ። ቆንሲሉ ግን አክሲዮን አይገዛም።

እስቲ ይሄን አስቢ። «ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?» ይልሻል። አንቺም ትጀምሪያለሽ፦

«ድርጅታችን የግብርና የእሴት ሰንሰለቱን በዲጂታል ቴክኖሎጂ በማዘመን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር ቀደም ለመሆንና ወደ አሜሪካ ገበያም ለመግባት...»

ሰውየው እስካሁን መቼ እንደምትሄጂ አያውቅም። የት እንደምትሄጂ አያውቅም። «ወደ አሜሪካ ገበያ» የሚለውን ግን በደንብ ሰምቷል። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፣ ቆመሽ ነው፣ ከመስታወት ጀርባ ነው የምትነጋገሩት። ይሄኛውን ሞክሪው፦

«ሳን ፍራንሲስኮ የአራት ቀን ጉባኤ አለ፣ ተጋብዣለሁ። እዚያ ሁለት ኢንቨስተሮችን አገኛለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለምግብ ቤቶች አትክልት የሚያደርስ ድርጅት አለኝ። እህቴ ቨርጂኒያ ስላለች ሦስት ቀን እሷ ጋ አርፌ እመለሳለሁ።»

አለቀ። ቲማቲም ለማንም ይገባል። ከዚያ የፈለገውን ይጠይቅሽ።

ሊጠይቅሽ የሚችለው አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ እሱን ካሁኑ አብስይው። «አንቺ ስትሄጂ ሥራውን ማን ይሠራል?» ይሄ ጥያቄ ሁለት በኩል የተሳለ ነው። «ያለ እኔ ይሠራል» ካልሽ፣ ታዲያ ምን ሊመልስሽ ነው? «ያለ እኔ አይንቀሳቀስም» ካልሽ፣ እንዴት ጥለሽ ትሄጃለሽ? መውጫው የጉዞው ማጠር ነው። ለአሥር ቀን የሚሸፍንልሽ ሰው አለ። የዚያን ልጅ የሥራ ድርሻ ንገሪው፦ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላፍቶ የሚገኘው ማን ነው፣ ሾፌሮቹን የሚያሰማራው ማን ነው፣ ከምግብ ቤቶቹ ሒሳብ የሚቀበለው ማን ነው። አንቺ የምትመለሽው ደግሞ ለምንድን ነው? ዋጋ የሚደራደረውና የሚፈርመው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። እውነት ስለሆነ ሳትርበተበቺ ትመልሽዋለሽ። ለአራት ቀን ጉባኤ ሁለት ወር እቆያለሁ ብለሽ ከጻፍሽ ግን ይሄ ሁሉ መልስ ገደል ገባ።

በአማርኛ ልናገር ካልሽ ይቻላል። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ከሆነ በእንግሊዝኛ ተናገሪ። በተሸመደደ እንግሊዝኛ ግን አትሂጂ። የተሸመደደ ነገር መሐል ላይ ሲቋረጥ ሰው ከየት እንደሚቀጥል ይጠፋዋል።

አሁን የሥራ ደብዳቤው። ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ መሥራች የሚቸገርበት ነገር ነው። ተቀጣሪ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። አንቺ አለቃም ሠራተኛም ነሽ። ራስሽ ለራስሽ «ወ/ሪት ም. ታማኝ ሠራተኛችን ናት» ብለሽ ፈርመሽ ማኅተም ብትመቺበት ማንንም አያሳምንም፣ እንዲያውም ያስቃል። ስለዚህ ሌላ ሰው የፈረመበትን ወረቀት ሰብስቢ። ንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ የግብር ከፋይነት ምዝገባ፣ የቢሮ ወይም የመጋዘን ኪራይ ውል፣ ከምግብ ቤቶቹ ጋር ያሉሽ ውሎች።

ከሁሉም በላይ እኔ የምወደው ግን ማንም የማያስታውሰውን ወረቀት ነው፦ የሠራተኞችሽን የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ የከፈልሽበትን ደረሰኝ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በየወሩ። አራት ሠራተኛ አለኝ ማለትን ማንም ይላል። ለአራት ሰው በየወሩ ጡረታ የሚያስገባ ግን በእርግጥ አራት ሰው አለው። እስካሁን ካልጀመርሽ ደግሞ ከቪዛው በፊት የሚያሳስብሽ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱን ለሒሳብ ሠራተኛሽ እተወዋለሁ።

ይሄን ሁሉ አዘጋጅተሽ ቆንሲሉ አንዷንም ወረቀት ሳያይ ሊመልስሽ ወይም ሊፈቅድልሽ ይችላል። እንዳትደነግጪ። እሱ ፊት ያለው ዲኤስ-160 የሚባለው በኦንላይን የሞላሽው ፎርም ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን እሱ ላይ አውጪው። እኔ ትርጉም ቤት እያለሁ ሰው ለፎልደር ቀለም ሲጨነቅና ፎርሙን ለኢንተርኔት ቤት ልጅ ትቶ ሲሄድ ነው ያየሁት።

ፎርሙ ላይ የኛን ሰው የሚጥለው አንድ ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ንግድ ፈቃድሽ ጥር 2017 ይላል። ይሄ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2025 ነው፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ፌብሯሪ። ፎርሙ «ሥራ የጀመርሽበት ቀን» ሲልሽ እንደወረደ 2017 ብለሽ ከጻፍሽ፣ ቆንሲሉ የሚያየው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድርጅት የከፈተችና ዓመታት አስቆጥራ 180 ሺህ ብር ብቻ ያላት ነጋዴ ነው። ከዚያ «የነዚህ ሁሉ ዓመታት ግብር የታለ?» ቢልሽ ምን ትያለሽ? አንቺ ሳትዋሺ ውሸታም መሰልሽ። የተመረቅሽበትንና ከዚህ በፊት የሠራሽበትን ቀን ሁሉ እንዲሁ አንድ በአንድ ቀይሪ። ስምሽንም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ገልብጪ። ንግድ ፈቃዱ እንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ስምሽ በሌላ ስፔሊንግ ተጽፎ ከሆነ ትርጉሙን አስተካክለሽ አስተርጉሚ።

እህትሽን አትደብቂ። ፎርሙ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ ይላል፣ እህት ደግሞ የቅርብ ዘመድ ናት። «አለችኝ ካልኩ ይመቱኛል» የሚለውን ወሬ ተይው። እህት አሜሪካ መኖሯ ብቻውን አያስከለክልም። የለችኝም ብለሽ አለች ሲባል ነው ጉዱ። ዲቪን በተመለከተ ደግሞ፣ በየዓመቱ ሞልተሽ ከሆነ፣ መሙላቱ ብቻውን ፎርሙ ላይ «የኢሚግራንት ፔቲሽን (አሜሪካ ለመኖር የሚቀርብ ማመልከቻ) ቀርቦልሻል ወይ» ለሚለው አዎ አያሰኝም። ሞልተሽ ታውቂያለሽ ወይ ተብለሽ በቃል ከተጠየቅሽ ግን እውነቱን ተናገሪ። አገሩ ሁሉ ሲሞላ ነው የኖረው፣ እነሱም ያውቁታል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ 180 ሺህ ብር ብዙ አይደለም። በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ ወደ ዶላር ስትቀይሪው ይሰማሻል። ግን የራስሽ ነው፤ ከምግብ ቤቶቹ እየገባ፣ ለሠራተኛና ለነዳጅ እየወጣ የመጣ ገንዘብ ነው። ገባ ወጣ የሚል አካውንት የሚሠራ ድርጅት ያሳያል። ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ሳምንት እህትሽ አምስት መቶ ሺህ ብትልክልሽና ስቴትመንቱ ላይ ጉብ ቢል ግን የሚያነሳው ጥያቄ ብቻ ነው። እህትሽ ትኬቱን ወይም ማረፊያውን የምትሸፍን ከሆነ፣ ፎርሙ «ወጪሽን ማን ይከፍላል» ሲል እንዲያው ጻፊው። የጉባኤው አዘጋጆች ሆቴል ችለውሽ ከሆነም ግብዣው ላይ በግልጽ ያስጽፉት። ትኬት ግን ቪዛው ሳይወጣ አትቁረጪ። ለማሳየት ተብሎ የሚሸጠውን የውሸት ትኬትም አትግዢ፣ ማንም አልጠየቀሽም።

ደላዌር። እዚህ ላይ ብዙ ወሬ ስላለ ረጋ ብዬ ልናገር። አንድ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ተቀምጦ ደላዌር ላይ ኩባንያ ማስመዝገብ ይችላል፣ ባለአክሲዮን መሆን ቪዛ አይጠይቅም። ኢንቨስተሮች ስለሚመርጡት ብዙ መሥራች ያደርገዋል። ችግሩ ሲያቀርቡት ነው። አንዳንዱ ፎርሙ ላይ «አሠሪዬ» ብሎ የደላዌሩን ኩባንያ ይጽፋል፣ ያምራል ብሎ። ከዚያ የሚነበበው ምንድን ነው? የአሜሪካ ኩባንያ ሠራተኛ በጉብኝት ቪዛ ወደ ኩባንያዋ ልትሄድ ነው። ያንቺ ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ፈቃድ ያለው፣ ሠራተኛ ያለው፣ ግብር የሚከፍለው የገርጂው ማኅበር ነው። አሠሪ በሚለው ላይ እሱን ጻፊ። የጋበዘሽም የጉባኤው አዘጋጅ ነው እንጂ የራስሽ ኩባንያ አይደለም። ስለ ደላዌር ከጠየቁሽ «ኢንቨስተር ቢገባ አክሲዮን ለመያዝ የተመዘገበ ነው፤ እዚያ ቢሮም ሠራተኛም የለኝም፤ ሥራው አዲስ አበባ ነው» በይ። መደበቅ አያስፈልግም፣ ማውለብለብም አያስፈልግም።

ክፍያው 185 ዶላር ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። ከሐምሌ 2017 ወዲህ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከጁላይ 2025 ጀምሮ፣ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የዚህ ዓይነት ቪዛ አንዴ መግቢያ ብቻ ሆኖ ለሦስት ወር ነው የሚያገለግለው። ይሄ ለጉባኤ ተጓዥ ትልቅ ነገር ነው። በጣም ቀድመሽ ካወጣሽው ጉባኤው ሳይደርስ ይቃጠላል። ዘግይተሽ ከጀመርሽ ደግሞ ቀጠሮ አታገኚም። የጉባኤውን ቀን ይዘሽ ወደ ኋላ ቁጠሪና ቀጠሮሽን በዚያ ልክ ያዢ።

የቀጠሮው ቀን ስልክሽን ይዘሽ አትግቢ፣ አያስገቡሽም። ቤት ተይው ወይም አብሮሽ ለሚመጣ ሰው ስጪው። ለኢንቨስተር የምታሳዪው ፒች ዴክሽ ስልኩ ውስጥ ነበር? እሰየው፣ ከፈተና አዳነሽ።

ከከለከሉሽ አንድ ወረቀት ይሰጡሻል። ይግባኝ የለውም። በማግስቱ ሮጠሽ ደግመሽ አትክፈዪ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንቺ ሕይወት አልተቀየረም፣ መልሱም አይቀየርም። የአንድ ዓመት ግብር ከፍለሽ፣ ደንበኛ ጨምረሽ፣ ምናልባት ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ አንድ ጉባኤ ደርሰሽ ተመልሰሽ ስታመለክቺ ሌላ ሰው ነሽ። ሄዳ የተመለሰች መሆንሽ ፓስፖርትሽ ላይ ይታያል። ኢንቨስተሮቹ ደግሞ እስከዚያ በቪዲዮ ያግኙሽ። ቲማቲሙ እንደሆነ ነገም ንጋት ላይ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦

«ሁለት ጓደኛሞች ነን። ለግል ትምህርት ቤቶች የወርሃዊ ክፍያ ሶፍትዌር ሠርተናል። በርሊን ለአምስት ቀን ተጋብዘናል፤ ከዚያ ፓሪስ ሦስት ቀን ልንዞር አስበናል። ፈረንሳይ ይቀላል ሲሉ ስለሰማን እዚያ ብናመለክትስ? ጉባኤው ወር ቀርቶታል።»

መልስ፦

ለፈረንሳይ አይሆንም። የሸንገን፣ ማለትም የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ሕግ ዋናው መዳረሻችሁ የት ነው ይላል፤ ለእናንተ በቀንም በጉዳይም ጀርመን ነው። ይቀላል በተባለ ኤምባሲ ገብቶ በሌላ አገር መዋል የኋላ ኋላ ጣጣ አለው።

ክፉው ወሬ ግን ሌላ ነው። ወር አይበቃችሁም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ገደብ፣ 15 ቀን የነበረው መደበኛ የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ ለዚህኛው ጉባኤ 90 ዩሮ ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጆቹን «በኦንላይን መካፈል ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ደግሞ እስከ ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ስለሚቻል ጊዜ አታባክኑ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ሁለታችሁም በየራሳችሁ ነው የምታመለክቱት፤ ግብዣው ላይ የሁለታችሁም ሙሉ ስም፣ ቀኑና ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። «ከባልደረባው ጋር» ብሎ የሚያልፍ ደብዳቤ ባልደረባውን አያስገባም።

ከአሜሪካው የሚሻልበት አንድ ነገር፣ ከከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይነግሯችኋል። እሱን ወረቀት አትጣሉት፤ ቀጣዩን ማመልከቻ የምታስተካክሉት በእሱ ነው።

ጥያቄ፦

«ዱባይ በሒሳብ ሠራተኝነት እሠራለሁ። አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር የከፈትነው ትንሽ የቴክኖሎጂ ድርጅት አለን። ለአሜሪካ የሥራ ጉብኝት ከዚህ ላመልክት ወይስ አገር ቤት ልምጣ?»

መልስ፦

እህቴ፣ የዱባይ መኖሪያ ፈቃድሽ ያልተቃጠለ ከሆነ እዚያው አመልክቺ። አሜሪካ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ጎብኚዎች በዜግነታቸው አገር ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲያመለክቱ አዟል፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ነዋሪ ነሽ። ወደማይኖሩበት አገር ሄዶ ማመልከት የሚባለው የድሮ ዘዴ ነው የቀረው።

አንቺ ከሌሎቹ መሥራቾች የተሻለ ነገር በእጅሽ አለ፦ አሠሪ። የዱባይ መሥሪያ ቤትሽ ደመወዝሽን፣ የፈቃድ ቀንሽንና ወደ ሥራ የምትመለሽበትን ቀን ጽፎ ይስጥሽ። የአዲስ አበባውን ድርጅት ደግሞ በወንድምሽ ስም ደብቀሽ አትለፊው፣ ድርሻሽን ተናገሪ። ስትጠየቂ ግን አንድ ታሪክ ይኑርሽ፦ የምትመለሽው ወደ ዱባይ ነው ወይስ ወደ አዲስ አበባ? ቀድመሽ ወስኚ። መስኮት ላይ ቆሞ ማሰብ ይከብዳል።

ጥያቄ፦

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ በቢ1 ገብቼ። ቪዛዬ ሦስት ወር ይላል፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀረው። አጎቴ ‹ቪዛው ሲያልቅ ሕገ ወጥ ትሆናለህ› ይለኛል። እዚህ ያሉ የአበሻ ሱቆች ደግሞ አፔን ወደውታል። መሸጥ ብጀምርና ቀኑን ባራዝም ምን ይመስልዎታል?»

መልስ፦

አጎትህ ግማሹን ነው የያዘው። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደምትችል ነው የሚናገረው። እስከ መቼ መቆየት እንደምትችል የወሰነው አየር ማረፊያ ላይ ያስገባህ መኮንን ነው። እሱ የሰጠህ ቀን አይ-94 የሚባለው መዝገብ ላይ አለ፤ የአሜሪካ ጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ ላይ ፓስፖርት ቁጥርህን አስገብተህ በነፃ ታየዋለህ። ከቪዛው ቀን ሊረዝም ይችላል፣ ሊያጥርም ይችላል። የምትተዳደረው በዚያ ቀን ነው።

ሱቆቹን ማነጋገር፣ ፍላጎታቸውን መጠየቅ፣ ውል ላይ መደራደር ትችላለህ። ለአዲስ አበባ ሠራተኞችህ ኢሜይል መመለስህም ማንንም አያስከፋም። ሱቅ ለሱቅ እየዞርክ አፑን መጫን፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሥራ ነው፤ በያዝከው ቪዛ አይሆንም። ውሉን ፈርመህ አገር ቤት ግባና ሠራተኞችህ ከአዲስ አበባ በርቀት ይሥሩት። ለማራዘም አይ-539 የሚባል ቅጽ አለ፣ አይ-94ህ ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ነው የሚገባው። «መሸጥ ጀምሬያለሁና ጨምሩልኝ» የሚል ምክንያት ግን አይጻፍበትም። መጀመሪያ ቀኑን ገብተህ እይ፤ ካየኸው በኋላ ስንት እንደቀረህ ጽፈህ ላክልኝ።